በማግኔቱና በአሸዋው መካከል ምን አለ?

ባለፈው የካቲት ጎንደር ውስጥ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ወደ ጽሑፍ ስመልሰው እምብዛም አልነካካሁትም።

ጤና ይስጥልኝ! እንዴት አመሻችሁ?

አልሰማሁም። የጎንደር ሰው እንዲህ ቀስ ብሎ ነው እንዴ ሰላምታ የሚመልሰው? እንዴት አመሻችሁ?

እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ!

እናቶች፣ አባቶች፣ መምህራን የሙያ ጓደኞቼ፣ በተለይ ደግሞ ከፊት መሬት ላይ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከአዘዞና ከማራኪ በታክሲ ተጋፍታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ድካማችሁን እንዳላባክን እጥራለሁ።

የዛሬው ወሬያችን ኤሌክትሪክና ማግኔት ነው። ይህን ስል ግማሾቻችሁ ፊታችሁ ጨለመ። አየኋችሁ! ቀመር ታያችሁ። ኬ ሲባዛ በኪው አንድ፣ ሲባዛ በኪው ሁለት፣ ሲካፈል በርቀት ካሬ። ቀመሩን አልጠላውም፤ ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን ሰሌዳ የለም። ዛሬ ማበጠሪያ፣ ሽቦ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ኮምፓስና አንድ ፌስታል የቀሃ አሸዋ ይዤ ነው የመጣሁት።

ሦስት ነገር አነሣለሁ። አንደኛ ቻርጅ፣ ሁለተኛ ማግኔት፣ ሦስተኛ ሁለቱ እንዴት እንደተጋቡ። መሐል ላይ ደግሞ ስለ መብረቅ ሳላወራ አላልፍም። ጎንደር ቆሞ ስለ ኤሌክትሪክ የሚናገር ሰው መብረቅን ከዘለለ ምኑን ተናገረው?

ከዚያ በፊት ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ይህን የምናገረው ኮርቼ ነው። ሰው ቀን ቀን ማረሻውንና ማጭዱን እያሠራ፣ ሲመሽ በበራችን ማለፍ የሚፈራበት ዘመን ነበር። ስም ያወጡልን ነበር። ስሙን ትልልቆቹ ታውቁታላችሁ፤ እኔ እዚህ ልጆች ፊት አልደግመውም። አንድ ቀን አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ለአባቴ የተቀደደ ስፒከር ሰጠው። ከጀርባው ክብ፣ ጥቁር ማግኔት አለ። አባቴ ፈልቅቆ ለእኔ ሰጠኝ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።

ማግኔቱን በክር አሰርሁና ወደ ቀሃ ወንዝ ወረድሁ። ክረምቱ ወጥቷል፣ ውሃው ጎድሏል፣ ዳር ዳሩን አሸዋ ተኝቷል። ማግኔቱን አሸዋው ላይ ጎተትሁት። ሳነሣው ጺም አብቅሏል! ጥቁር፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ እንደ ጃርት እሾህ ወደ ውጭ የተንጨፈረረ ጺም። በጣቴ ሳስተኛው ይተኛል፣ ስለቀው ይነሣል።

ያ ጥቁር አሸዋ ማግኔታይት ነው። ተራሮቻችን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ናቸው፤ ጥቁሩ ድንጋይ በውስጡ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን አለው። ድንጋዩ እየተሸረሸረ ይፈጫል፣ ጎርፍ ያወርደዋል። ይህን ያኔ አላውቅም። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር። ማግኔቱን አሸዋው ላይ ሳላስነካው፣ አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጌ ስይዘው፣ ቅንጣቶቹ እየዘለሉ ይወጣሉ። መሐሉ ላይ ጣቴን አስገባሁ፤ ምንም የለም። ወረቀት አስገባሁ፤ አሁንም ይዘላሉ። ታዲያ ማን ነው የሚስባቸው? በማግኔቱና በአሸዋው መካከል ምን አለ?

አባቴን ጠየቅሁት። ማረሻውን ገልብጦ እያየ፣ «እንጃ ልጄ፣ እኔም ሁሌ ይገርመኛል» አለኝ። በኋላ አስተማሪዬን ጠየቅሁ። «ፈተና ላይ አይመጣም፣ ተቀመጥ» ተባልሁ። ሁለቱም መልሱን አልሰጡኝም። የአባቴ «እንጃ» ግን ጥያቄውን በሕይወት አቆየልኝ። መምህራን ሆይ፣ ልጅ ሲጠይቃችሁና ሳታውቁት «እንጃ» በሉ። እባካችሁ «እንጃ» በሉ።

እሺ፣ ወደ አንደኛው ነጥብ።

አንቺ ሹሩባ ያልተሠራሽው ልጅ፣ አዎ አንቺ፣ እስቲ ነይ። ይህን ማበጠሪያ ያዢና ፀጉርሽን ደጋግመሽ አበጥሪ። ሃያ ጊዜ። ጠንከር አድርገሽ። አሁን ወደዚህ ቁርጥራጭ ወረቀት አስጠጊው። አየሽ? አያችሁ? ዘለለ! ከኋላ ላላችሁ ልናገር፣ ወረቀቱ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ማበጠሪያው ላይ ተለጠፈ። አመሰግናለሁ የኔ እመቤት፣ ተቀመጪ።

አሁን የሆነውን በደንብ አስቡት። ወረቀቱን ወደ ታች የሚስበው ማን ነው? ምድር ናት። መላዋ ምድር፣ ተራራዋ፣ ባሕሯ፣ ሆዷ ሁሉ ተባብሮ ያቺን ቁራጭ ወረቀት ወደ ታች ይጎትታል። ከላይ ደግሞ አንዲት ማበጠሪያ አለች። ማን አሸነፈ? ማበጠሪያዋ! የኤሌክትሪክ ኃይል ይህን ያህል ብርቱ ነው።

ቃሉን ላጥራ። በአማርኛ «ኃይል» ብዙ ነገር ነው። መብራት ኃይል እንላለን፣ የፀሐይ ኃይል እንላለን። ዛሬ እኔ ኃይል ስል መግፋት ወይም መሳብ ማለቴ ነው፤ ሌላ አይደለም። ቻርጅ ስልም ስልካችሁ ላይ ያለውን መቶኛ ማለቴ አይደለም። መጽሐፉ «ሙል» የሚለውን ነው። ሁለት ዓይነት ነው፤ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ። ተመሳሳዮቹ ይገፋፋሉ፣ ተቃራኒዎቹ ይሳሳባሉ። ማበጠሪያውና ፀጉሩ ሲፋተጉ ኤሌክትሮን የሚባሉ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸው ደቃቅ ቅንጣቶች ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። አዲስ ቻርጅ አልተፈጠረም፤ የነበረው ቦታ ለወጠ እንጂ።

ወረቀቱስ? ወረቀቱ እኮ አልታሸም። ቻርጁ ሚዛኑን የጠበቀ ነው። ታዲያ ለምን ተሳበ? ማበጠሪያው ሲቀርብ ወረቀቱ ውስጥ ያሉት ቻርጆች ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታሉ። ተቃራኒው ወደ ማበጠሪያው ጠጋ ይላል፣ ተመሳሳዩ ሸሸት ይላል። የቀረበው በብርቱ ይሳባል፣ የራቀው በደካማው ይገፋል። ልዩነቱ ነው ወረቀቱን ያነሣው።

ርቀት ምን ያህል ለውጥ ያመጣል? ይህን እ.ኤ.አ. በ1785 የለካው ሻርል ኩሎም የሚባል ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነው። በቀጭን ሽቦ ላይ ዘንግ አንጠልጥሎ፣ ሽቦው ምን ያህል እንደሚጠመዘዝ እያየ ለካ። ርቀቱን እጥፍ ካደረጋችሁ ኃይሉ ሩብ ይሆናል። ሦስት እጥፍ ካራቃችሁ አንድ ዘጠነኛ ይቀራል። ስትርቅ ቶሎ ይላላል፣ ስትቀርብ ቶሎ ይበረታል።

የቻርጅ መለኪያውም በስሙ ኩሎም ተባለ። አንድ ኩሎም ቻርጅ እዚህ፣ ሌላ አንድ ኩሎም አንድ ሜትር ርቆ እዚያ ብናስቀምጥ፣ በመካከላቸው ያለው ኃይል 9 ቢሊዮን ኒውተን ነው። ኒውተን ለእናቶች አይመችም፤ በኩንታል ልንገራችሁ። ከ9 ሚሊዮን ኩንታል ጤፍ በላይ ክብደት ነው! አንድ ሜትር ላይ! ማበጠሪያችን ላይ ያለው ቻርጅ ከአንድ ኩሎም ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ በቢሊዮንኛ ነው የሚቆጠረው።

ይህን ያህል ብርቱ ከሆነ ለምን ሁላችንም አንበታተንም? ምክንያቱም በገላችን ውስጥ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ እኩል ነው። አንዱ ሌላውን ያቻችለዋል። ኃይሉ ግን ሥራ አልፈታም። አተምን ከአተም አያይዞ የሚያቆመው እሱ ነው። የፋሲል ግንብን አስቡ። ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ከቆረቆሩ፣ ከ1636 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ወደ 400 ዓመት እየተጠጋ ነው። ኖራው ድንጋዩን ይዞ ቆሟል እንላለን። ኖራው በምን ያዘው? ኖራው ውስጥ፣ ድንጋዩ ውስጥ፣ አተሞቹ የተያያዙት በኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ነገ በግንቡ በር ስታልፉ ግድግዳውን በመዳፋችሁ ንኩትና ይህን አስቡ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። መካከሉ ላይ ምን አለ?

መስክ አለ። መስክ የሚለውን ቃል እዚህ ሀገር ማንም ያውቀዋል። ከብት የሚሰማራበት ነው። አንዲት ላም መስክ ላይ ስትቆም የምትግጠው እግሯ ሥር ያለውን ሣር ነው። ማን ዘራው፣ ከየት መጣ ብላ አትጠይቅም። ሣሩ እዚያው የቆመችበት ቦታ አለ። እዚህ ብዙ፣ እዚያ ጥቂት። የኤሌክትሪክ መስክም እንዲህ ነው። ማበጠሪያው በዙሪያው ያለውን ቦታ ይለውጠዋል። እያንዳንዷ ነጥብ ላይ «እዚህ የመጣ ቻርጅ በዚህ አቅጣጫ፣ በዚህ ጉልበት ይገፋ» የሚል ነገር ተቀምጧል። ወረቀቱ ከማበጠሪያው ጋር አልተነጋገረም። ወረቀቱ የተሰማው ራሱ ያለበት ቦታ ላይ ያለውን መስክ ነው። ወረቀቱ ባይኖርም መስኩ አለ። ላሟ ባትኖርም ሣሩ አለ።

ልድገመው? ልድገመው። ወረቀቱ ባይኖርም መስኩ አለ። ዛሬ ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትወጡ ይህን ያዙልኝ።

ቃል በገባሁት መሠረት መብረቅ።

በጋ ላይ ማታ ብርድ ልብስ ስትገልጡ ጠጠጠ ብሎ ብልጭ ይላል አይደል? በጨለማ ሰማያዊ ብልጭታ ታያላችሁ። አያቴ ጣታቸውን እያማተቡ ነበር የሚነኩት። እሱ ትንሹ መብረቅ ነው። አየር ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ነገር ግን መስኩ በአንድ ሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ገደማ ሲደርስ አየሩ ይሸነፋል፣ ይሰነጠቃል። ይህ በባሕር ወለል አካባቢ ነው። እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፣ አየራችን ሳሳ ይላል፣ ስለዚህ ትንሽ ቀደም ብሎ ይሸነፋል። ለአንድ ሚሊሜትር ብልጭታ እንኳ ሺዎች ቮልት ያስፈልጋል። ታዲያ ብርድ ልብሱ ለምን አይገድልም፣ የሶኬቱ 220 ቮልት ግን ይገድላል? ብርድ ልብሱ ላይ ያለው ቻርጅ ጥቂት ነው፣ ብልጭ ብሎ ያልቃል። ሶኬቱ አያልቅም። ከያዛችሁ ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ልጆች፣ በሶኬት አትጫወቱ። ስፒናውን በእርጥብ እጅ አትንኩ።

ሰማዩ ላይ ያለው መብረቅ ደግሞ ሁለቱም አለው፤ ቮልቱም ብዙ፣ ቻርጁም ብዙ። ደመናው ውስጥ በረዶና ውሃ እየተላተሙ ቻርጁ ይለያያል። መስኩ ሲበረታ አየሩ ይሰነጠቃል። በአንድ መብረቅ ውስጥ 30,000 አምፔር ገደማ ኮረንቲ ያልፋል። የቤታችሁ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ከሆነ 16 አምፔር ነው የሚወስደው። አወዳድሩት።

ልጅ ሆኜ፣ ሐምሌ ላይ፣ የጎረቤታችን ሁለት በሬዎች ዛፍ ሥር እንደቆሙ ሞቱ። መብረቁ የመታው ዛፉን ነው። በሬዎቹ ላይ ምንም ቁስል የለም። ሰፈሩ ሁሉ ተንጫጫ። አንዱ እርግማን ነው አለ፣ ሌላው ሌላ አለ። አንድ ሰው ዓይኑን ወደ እኛ ቤት ሲያዞር አባቴ አየው። ወሬ ሳይናገር እጄን ይዞ ወደ ቤት አስገባኝ። ያን ቀን አልረሳውም።

እውነቱ ይህ ነው። መብረቅ ዛፍ ሲመታ ኮረንቲው ሥሩ ጋ ሲደርስ አይጠፋም፤ በመሬቱ ላይ በየአቅጣጫው ይሰራጫል። መሬቱ ውስጥ መስክ ይፈጠራል። ለዛፉ የቀረበው መሬት ቮልቱ ከፍ ያለ ነው፣ የራቀው ዝቅ ያለ። የበሬ የፊት እግርና የኋላ እግር ይራራቃል። በሁለቱ መካከል የቮልት ልዩነት ይኖራል። ኮረንቲው በአንዱ እግር ገብቶ፣ በልብ በኩል አልፎ፣ በሌላው ይወጣል። እርግማን የለም። ዓይን የለም። መስክ ነው። ምነው ያኔ ይህን የሚነግረን አንድ ሰው በነበረ!

ስለዚህ እናቶች፣ እረኛ ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ ስሙኝ። ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል ይባላል፤ መብረቅ ቀለም አይመርጥም። ከፍታ ነው የሚመርጠው። ለብቻው የቆመ ዛፍ ሥር አይጠለሉ። ቤት ወይም መኪና ውስጥ ይግቡ። ሜዳ ላይ ከያዛቸው ከጉብታው ይውረዱ፣ እግራቸውን ገጥመው ቁጢጥ ይበሉ እንጂ አይጋደሙ። ብልጭታውን አይተው ድምፁ እስኪመጣ ሰከንድ ይቁጠሩ። ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩ እያነሰ ከመጣ እየቀረበ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ማግኔት።

ማግኔት ሁለት ጫፍ አለው፤ ሰሜንና ደቡብ። እንደ ቻርጅ ተመሳሳዮቹ ይገፋፋሉ፣ ተቃራኒዎቹ ይሳሳባሉ። አንድ ልዩነት ግን አለ። ፖዘቲቭን ለብቻ ማግኘት ትችላላችሁ። የሰሜን ጫፍን ለብቻ ግን እስከ ዛሬ ያገኘ የለም። ማግኔቱን ለሁለት ብትሰብሩት ሁለት ማግኔት ይወጣችኋል፣ እያንዳንዱ ባለ ሁለት ጫፍ። አሥር ብታደርጉት አሥር።

ለምን? እዚህ ላይ ወደ አባቴ ወናፍ ልመልሳችሁ።

አንድ ቀን አባቴ ማረሻ ከእሳት አውጥቶ በጉጠት ይዞታል። ብረቱ ብርቱካን መስሏል። እኔ ማግኔቴን በረጅም ክር አንጠልጥዬ ወደ ብረቱ አስጠጋሁ። ይስበዋል ብዬ ነበር። ምንም! ማግኔቱ እንዳለ ተንጠለጠለ። እንጨት አጠገብ እንዳለ ሁሉ። «አባባ፣ ይሄ ብረት አይደለም እንዴ?» አልሁት። አባቴም ገረመው። መዶሻውን አስቀመጠ። ሁለታችንም ዝም ብለን ጠበቅን። ብርቱካኑ ቀላ፣ ቀዩ ደበዘዘ። ድንገት ማግኔቱ ዘወር አለ፣ ክሩ ተወጠረ፣ ሄዶ ብረቱን ቻ! አደረገው። አባቴ እንደ ሕፃን ሳቀ። «እንደገና!» አለኝ። እንደገና አጋልን። እንደገና ተውነው። ያን ቀን ማረሻው አልተሠራም።

ብረት በ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ማግኔት መሳቡን ይተዋል። ምክንያቱ ከውስጥ ነው። ብረት ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን እንደ ደቃቅ ማግኔት ነው። ሲቀዘቅዝ በቡድን በቡድን አንድ አቅጣጫ ይዘው ይቆማሉ። ቡድኖቹ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ከዞሩ ማግኔት ሆነ እንላለን። ሲግል ግን ሙቀቱ ያንቀጠቅጣቸዋል፣ ሰልፉ ይበተናል። ማግኔቱን ስትሰብሩት ሰሜኑና ደቡቡ የማይለያየውም ለዚህ ነው። ሰሜን የሚባል ዕቃ በአንድ ጫፍ ተከማችቶ አይደለም። እያንዳንዷ ደቃቅ ራሷ ባለ ሁለት ጫፍ ናት።

ብረት ሠሪዎች ይህን ለሥራ ይጠቀሙበታል። ብረቱ ማግኔት አልስብ ሲል፣ ለማጠንከር ውሃ ውስጥ የሚነከርበት ሙቀት እንደደረሰ ያውቃሉ። አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ ያን ማግኔት ከመስፉ አጠገብ ሰቅሎት ኖረ።

ምድራችንም ማግኔት ናት። ኮምፓሷ የምትዞረው ለዚያ ነው። እኛ ያለንበት ቦታ ደግሞ ልዩ ነው። ለንደን ላይ መርፌዋን እንደ ልቧ ብትለቋት አፍንጫዋን ወደ መሬት ከ60 ዲግሪ በላይ ትደፋለች። የምድር መግነጢሳዊ መስክ እዚያ ወደ ውስጥ ይገባልና ነው። በኢትዮጵያ ግን መግነጢሳዊው ወገብ ያልፋል። መስኩ መሬቱን ታኮ ጋደም ብሎ ይሄዳል። እዚህ ጎንደር መርፌዋ ትንሽ ብቻ ነው የምትደፋ። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ ይህን መስክ የሚለካ ጣቢያ አለ። ከበላያችን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በዚሁ ወገብ መስመር፣ ቀን ቀን ትልቅ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። የዓለም ሳይንቲስቶች ለእሱ ሲሉ ወደዚህ ይመለከታሉ። ልጆች፣ አናታችሁ ላይ ያለ ነገር ነው። አጥኑት።

ሦስተኛው ነጥብ። ጋብቻው።

ለብዙ ዘመን ኤሌክትሪክ ለብቻ፣ ማግኔት ለብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1820 ኮፐንሃገን ላይ ሐንስ ክርስቲያን ኧርስተድ የሚባል መምህር፣ ልክ እንደ እኔ ተማሪ ሰብስቦ እያስተማረ ሳለ፣ ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ የነበረች የኮምፓስ መርፌ ስትንቀሳቀስ አየ። እስቲ እኛም እንየው። አንተ ረጅሙ፣ ና። ይህን ሽቦ በመርፌዋ በላይ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ዘርጋው። አሁን ከባትሪ ድንጋዩ ጋር አገናኘው። ለአፍታ ብቻ፣ ሽቦው ይግላል!

ዞረች! አያችሁ? ግማሽ መንገድ ሄዳ ቆመች። ምድር ወደ ሰሜን ትጠራታለች፣ ሽቦው ወደ ጎን ይጠራታል። ሽቦው ውስጥ 2 አምፔር ቢያልፍ፣ አንድ ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ የሚፈጥረው መስክ በማግኔት መስክ መለኪያ 40 ማይክሮ ቴስላ ነው። የምድር መስክ እዚህ አካባቢ ከዚያ ጋር ይቀራረባል። እኩል ሲጎትቷት መሐል ላይ ቆመች። ልጄ፣ የድንጋዩን ጫፎች አቀያይርና እንደገና ሞክር። አሁን ወደ ሌላኛው ጎን! አመሰግናለሁ።

ልብ በሉ፣ ሽቦው መርፌዋን ወደ ራሱ አልሳባትም። ከራሱም አልገፋትም። ወደ ጎን አዞራት። ማግኔት ነገሩ ሁሉ ጎን ለጎን ነው። የሚንቀሳቀስ ቻርጅ ማግኔት አጠገብ ሲያልፍ፣ ኃይሉ ወደ ፊት አያፈጥነውም፣ ወደ ኋላ አያዘገየውም። ወደ ጎን ያጥፈዋል። ለቆመ ቻርጅ ማግኔት ግድ የለውም። መንቀሳቀስ አለበት። ሽቦ ውስጥ ብዙ ቻርጅ ስለሚንቀሳቀስ ሽቦው በሙሉ ወደ ጎን ይገፋል። ሽቦውን ጠቅልላችሁ በማግኔት መካከል ብታስቀምጡት ይሽከረከራል። ሞተር ማለት ይህ ነው። የወፍጮ ቤቱ ሞተር፣ የጁስ መፍጫው፣ የውሃ ፓምፑ፣ ሁሉም በዚህ የጎን ግፊት ነው የሚዞሩት።

አሁን ስለምወደው ሰው ልንገራችሁ። ማይክል ፋራዳይ። እ.ኤ.አ. በ1791 ለንደን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ምን ነበር? ብረት ቀጥቃጭ! እሱ ራሱ በ14 ዓመቱ ተቀጠረ። የት? መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ! ሰባት ዓመት መጽሐፍ ጠረዘ። እናንተ የብራናና የድጉስ ሀገር ልጆች፣ ይህ ሰው ዘመዳችሁ ነው። የሚጠርዘውን መጽሐፍ እያነበበ ነው ሳይንስ የተማረው። ሒሳብ እምብዛም አልተማረም። እጁና ዓይኑ ግን አይጣል ነበር። መጀመሪያ ታሪኩን ሳነብ፣ «አባቱ ቀጥቃጭ ነበር» የሚለው ጋ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ለረጅም ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ።

በማግኔቱና በአሸዋው መካከል ምን አለ ያልሁት ጥያቄ የእሱም ጥያቄ ነበር። የሊቃውንቱ መልስ «ምንም የለም፤ ኃይሉ ባዶውን ዘልሎ ይደርሳል» የሚል ነበር። ፋራዳይ አልተቀበለም። ማግኔት ላይ ወረቀት አድርጎ የብረት ብናኝ ነሰነሰ። ብናኙ በመስመር በመስመር ተደረደረ። መካከሉ ባዶ አይደለም አለ። በኋላ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ይህን በሒሳብ ጻፈው። ከሒሳቡ ውስጥ አንድ ነገር ወጣ። ኤሌክትሪክና ማግኔት እየተያያዙ እንደ ሞገድ ይጓዛሉ፤ ፍጥነታቸውም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ የምንድን ነው ፍጥነት? የብርሃን! ብርሃን ራሱ የመስክ ሞገድ ሆኖ ተገኘ። አሁን እናንተን የማይበት ብርሃን።

ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ሌላም አገኘ። ኮረንቲ ማግኔት ከሠራ፣ ማግኔት ኮረንቲ ይሠራል ወይ? ማግኔቱን በሽቦ ጥቅልል ውስጥ አስቀመጠው፤ ምንም። ሲያስገባውና ሲያወጣው ግን ኮረንቲ መጣ። መስኩ መለወጥ አለበት። ጣና በለስ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው። ከጣና የተነሣ ውሃ ተርባይኑን ያዞራል፣ ተርባይኑ ማግኔቱን ያዞራል፣ በዙሪያው ባለው ጥቅልል ኮረንቲ ይነሣል። አራት ተርባይን፣ በድምሩ 460 ሜጋ ዋት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ማብሪያውን ስትጫኑ አምፖሉ ወዲያው ይበራል። ኤሌክትሮኖቹ ከበለስ እስከ ጎንደር ሮጠው መጥተው ነው? እጅ አውጡ፣ አዎ የምትሉ። ብዙ ናችሁ። አይደለም! ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሮን ሲጓዝ በአንድ ሰከንድ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የእኛ መብራት ደግሞ በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚል ነው፤ ስለዚህ ኤሌክትሮኖቹ እዚያው ባሉበት ይወዛወዛሉ። ቤታችሁ ሽቦ ውስጥ ያለው ኤሌክትሮን ከድሮም እዚያው የነበረ ነው። ታዲያ ከበለስ ምን መጣ? መስኩ መጣ። በሽቦው ዙሪያ፣ ሽቦውን ተከትሎ፣ ለብርሃን በተጠጋ ፍጥነት የመጣው መስኩ ነው። እንጀራችሁን የሚጋግረው እሱ ነው።

ሰዓቴ አልቋል፤ አዘጋጆቹ እያዩኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረ።

ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግቻለሁ። ከሥሩ ያ ክብ ማግኔት አለ። ራሱ ነው፣ የአባቴ፤ ጠርዙ ላይ የተሸረፈው። በዚህ ፌስታል ውስጥ ያለው ዛሬ ጠዋት ከቀሃ ያመጣሁት አሸዋ ነው፤ አድርቄ፣ ጥቁሩን ለይቼዋለሁ። ከፍ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ነስንሱ። ወረቀቱን በጣታችሁ ጫፍ መታ መታ አድርጉ። ከዚያ እጃችሁን አንሡና እዩ።

ትንንሾቹ ከፊት ይሁኑ። አትጋፉ፣ ለሁላችሁም ይደርሳል። እሺ፣ ማን ይጀምር?